የዓይን ጉድጓድና የፊት አጥንቶች ስብራት ቀዶ ሕክምና

የዓይን ጉድጓድ ስብራት ዓይንን ዙሪያውን አቅፎ የያዘው የአጥንት ግድግዳ በቡጢ፣ በድንጋይ፣ በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ ሲሰበር የሚደርስ ጉዳት ነው። አንዳንዴ ብቻውን ይከሰታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጉንጭ አጥንት፣ የላይኛው መንጋጋ፣ የአፍንጫ ሥር ወይም የግንባር አጥንት አብሮት ይሰበራል። ሕክምናውም የአንድ ሙያ ብቻ አይደለም። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም፣ የዓይን ሐኪም፣ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም፣ የአንገት በላይ ሐኪም፣ ጉዳቱ ወደ ራስ ቅል ከዘለቀ ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይሳተፉበታል።

በዚህ መስክ ባለፉት መቶ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። ቀድሞ የወደቀን አጥንት ደግፎ ማቆየት እንደ ስኬት ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ የሚፈለገው ጉድጓዱ ከአደጋው በፊት የነበረውን ቅርጽና ስፋት በሚሊ ሜትር ልክ መመለስ ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ግን የታካሚውን ዕጣ በእጅጉ የሚወስነው ጊዜ ነው። ለአንዱ ጉዳት ሁለት ሰዓት እጅግ ብዙ ነው፤ ሌላው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መታከም አለበት፤ ለሌላው ደግሞ እብጠቱ እስኪበርድ መታገሥ ራሱ ሕክምና ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ቀዶ ሕክምናውን ከማከናወን ያላነሰ ክህሎት ይጠይቃል።

የጉድጓዱ አሠራርና የሚሰበርበት መንገድ

የዓይን ጉድጓድ 7 አጥንቶች ተገጣጥመው የሠሩት፣ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየጠበበ የሚሄድ ባለ አራት ግድግዳ ክፍል ነው። በአዋቂ ሰው ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ የዓይን ኳስ የሚወስደው 7 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ሲሆን የቀረው ቦታ ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች፣ በስብ፣ በነርቮችና በደም ሥሮች ተሞልቷል። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሲሆን ወለሉም በሳሳበት ቦታ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከወለሉ ሥር አየር የሞላው የላይኛው መንጋጋ ሳይነስ ይገኛል። ለጉንጭ፣ ለአፍንጫ ጎን፣ ለላይኛው ከንፈርና ለፊት ጥርሶች ድድ ስሜት የሚሰጠው ነርቭም በዚሁ ወለል ውስጥ ነው የሚያልፈው። የወለሉ ስብራት ጉንጭንና ከንፈርን የሚያደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠንካራው አፍ ሳይነካ ስሱ ወለል ብቻውን እንዴት ሊሰበር እንደሚችል ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ስሚዝና ሬገን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተሙት ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሞቹ አየርላንዳውያን በዱላ የሚጫወቱበትን ጠንካራ ኳስ በአስከሬን የተከደነ ዓይን ላይ አስቀምጠው በመዶሻ መቱት። የጉድጓዱ አፍ ሳይሰበር ወለሉ ፈርሶ ወደ ሳይነሱ ወረደ። ከዚህ ተነሥተው ምቱ ዓይንን ወደ ኋላ ሲገፋው በጉድጓዱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በጣም ስስ የሆነውን ቦታ እንደሚሰብር አስረዱ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ምቱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ሲያርፍ አፉ ለቅጽበት ተጣምሞ ሳይሰበር ሲመለስ ወለሉ ግን ጭነቱን መቋቋም አቅቶት እንደሚሰነጠቅ በሙከራ አሳይተዋል። አሁን ሁለቱም መንገዶች እንደሚሠሩ፣ በአንድ አደጋም አብረው ሊከሰቱ እንደሚችሉ ይታመናል። ወለሉ ቀድሞ በመሰበሩ የዓይን ኳስ ከመፈንዳት የሚተርፍበት አጋጣሚ መኖሩንም ብዙ ሐኪሞች ይስማሙበታል።

የመካከለኛው ፊት ስብራት ከዚህ የቆየ የጥናት ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ሬኔ ለ ፎር በሊል ከተማ የአስከሬን ራሶችን በተለያየ አቅጣጫና ኃይል እየመታ አጥንቱ የሚሰነጠቅባቸውን መስመሮች አጥንቶ በ1901 ይፋ አደረገ። ያገኛቸው ሦስት ዋና ዋና መስመሮች ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። የመጀመሪያው ከጥርስ ሥሮች በላይ አግድም ሄዶ ላንቃንና የላይኛውን ጥርሶች ከቀረው ፊት ይለያል። ሁለተኛው በአፍንጫ ሥርና በዓይን ጉድጓድ ወለል በኩል ያልፋል። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሁለቱን የዓይን ጉድጓዶች አቋርጦ ፊትን በሙሉ ከራስ ቅል ያላቅቃል። በዘመናዊ የመኪና አደጋ የሚታየው ስብራት እንዲህ የጠራ አይደለም፤ በግራና በቀኝ የተለያየ መስመር ይዞ፣ ተሰባብሮና ተቀላቅሎ ይመጣል። ሆኖም ለ ፎር የፊት አጥንት ደካማና ጠንካራ መስመሮች እንዳሉት በማሳየቱ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀዶ ሐኪሞች ብረት ለማሰር የሚመርጡትን ቦታ እንዲያውቁ መሠረት ጥሏል።

ምልክቶችና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ፊቱ የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ዓይን የሚስበው የፊቱ ጉዳት ቢሆንም ሐኪሙ የሚጀምረው ከመተንፈሻው ነው። የተሰበረ መንጋጋ፣ ደምና የወለቀ ጥርስ የአየር መንገድን ሊዘጉ ይችላሉ። ፊትን የሰበረ ኃይል የአንገት አከርካሪንና አንጎልንም ሊጎዳ ስለሚችል እነዚህ ሳይጣሩ ወደ ሌላ አይታለፍም። ቀጥሎ የሚመረመረው አጥንቱ ሳይሆን የማየት አቅም ነው። የዓይን ቆቡ አብጦ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ምን ያህል እንደሚያይ፣ ብሌኑም ለብርሃን መጥበብ አለመጥበቡ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። የዓይን ኳስ ራሱ ከተቀደደ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው፤ ኳሱ እስኪሰፋ የአጥንቱ ሥራ ይቆያል።

የወለል ስብራት የሚታወቀው በቆቡ መበለዝና ማበጥ፣ በጉንጩ መደንዘዝ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲመለከቱ ነገሮች ሁለት ሆነው በመታየታቸውና ዓይኑ ከጊዜ በኋላ ወደ ውስጥ በመስረጉ ነው። የጉንጭ አጥንት አብሮ ከተሰበረ ጉንጩ ይሰረጉዳል፤ ታካሚው አፉን ለመክፈት ይቸገራል። በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳ የተሰነጠቀ ሰው ሲናፈጥ አየር ከሳይነሱ ወደ ዓይኑ ዙሪያ ገብቶ ቆቡ በድንገት ሊነፋ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሁሉ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ባይደረግለትም ለጥቂት ሳምንታት እንዳይናፈጥ ይነገረዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከዓይን ጀርባ የሚጠራቀም ደም ነው። ጉድጓዱ ከኋላና ከጎን በአጥንት፣ ከፊት በቆቦቹ የተዘጋ በመሆኑ የሚፈሰው ደም መውጫ አያገኝም። ግፊቱ ይጨምራል፤ ዓይኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሲነካ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ብሌኑ ለብርሃን መመለስ ያቆማል፣ እይታውም እየደበዘዘ ይሄዳል። ሬቲና ደም ተቋርጦበት ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ከቆየ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ይህ ምልክት ሲታይ ታካሚውን ለሲቲ ስካን ማሰለፍ ዓይኑን ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በአካባቢ ማደንዘዣ የዓይኑን ውጫዊ ጠርዝ ይቀድና የታችኛውን ቆብ ከአጥንቱ ጋር የሚያስረውን ጅማት ይቆርጣል። ግፊቱ በዚያ ይተነፍሳል። ቁስሉ ኋላ በቀላሉ ይሰፋል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅና በመቀስ የሚሠራ ሥራ ነው፤ በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ሁሉ ሊማረው የሚገባ ነው።

ሕፃናት

በሕፃናት ላይ የሚደርሰው የወለል ስብራት ራሱን የቻለ አደጋ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚታለፍ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። የልጅ አጥንት ይለጠጣል፤ ሲመታ ተሰባብሮ አይወድቅም። በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ በማጠፊያ እንደ ተያዘ መዝጊያ ወደ ታች ይከፈትና ወዲያው ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ወደ ስንጥቁ የገባው ስብ ወይም ዓይንን ወደ ታች የሚስበው ጡንቻ ተቆልፎ ይቀራል፤ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም።

አሳሳቹ ነገር ከውጭ ሲታይ ምንም ያለመምሰሉ ነው። ዓይኑ ነጭ ነው፤ ቆቡ አልበለዘም፤ እብጠቱም ትንሽ ነው። ልጁ ግን ዓይኑን ወደ ላይ ማንሣት ያቅተዋል፤ ለማንሣት ሲሞክር ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። የዓይን ጡንቻ ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ በነርቭ በኩል የልብ ምት እንዲቀንስ የሚያደርግ ምላሽ አለ፤ ከ1908 ጀምሮም ይታወቃል። የተቆለፈው ጡንቻ ይህን ምላሽ ያለማቋረጥ ስለሚቀሰቅሰው የልጁ የልብ ምት ይዘገያል። ማስመለስና መዛል ሲታይ የጭንቅላት ጉዳት ነው ተብሎ ልጁ ለክትትል ብቻ ሊተኛ፣ ዓይኑም ሳይመረመር ሊቀር ይችላል። ሲቲ ስካኑም ቢነሣ ስንጥቁ ጠባብ በመሆኑ ምንም ስብራት የለም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ጥንቁቅ አንባቢ የሚያስተውለው ጡንቻው በጉድጓዱ ውስጥ መታየት በሚገባው ቦታ አለመኖሩን ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ይገባል። ከዚያ ከዘገየ ጡንቻው ይጎዳና በጠባሳ ይተካል፤ ኋላ ቢለቀቅ እንኳ ዓይኑ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም፤ ልጁም ወደ ላይ ባየ ቁጥር ሁሉም ነገር ሁለት ይሆንበታል። ኳስ ወይም ክርን ዓይኑ ላይ ካረፈበት በኋላ የሚያስመልስና ወደ ላይ ማየት የሚያቅተው ልጅ፣ ፊቱ ደህና ቢመስልም፣ የዚያኑ ዕለት በዓይን ሐኪም መታየት አለበት።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ማን ነው?

በአዋቂዎች ላይ ጉዳዩ የተለየ ነው። ከ1957ቱ ሙከራ በኋላ ባሉት ዓመታት የወለል ስብራት ሁሉ ቶሎ ይከፈት የሚል አመለካከት ሰፍኖ ነበር። አለን ፑተርማንና ባልደረቦቹ በ1974 ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸውን ታካሚዎች ተከታትለው የብዙዎቹ እጥፍ እይታ (ነገሮች ሁለት ሆነው መታየታቸው) በራሱ እንደሚጠፋ ካሳወቁ ወዲህ ክርክሩ ተለዘበ። ለእጥፍ እይታ እብጠትና የጡንቻ መቀጥቀጥ ብቻቸውን በቂ ምክንያት ናቸው፤ ሁለቱም በቀናት ውስጥ ይሻላሉ።

ዛሬ ባብዛኛው የሚሠራበት መመዘኛ እንዲህ ነው። ጡንቻ ተይዞ እጥፍ እይታው ካልቀነሰ፣ ዓይኑ ከጤነኛው ዓይን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰረገ፣ ወይም ከወለሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከወደቀና ኋላ መስረጉ የማይቀር ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጉድጓዱ ይዘት በ1 ሚሊ ሊትር ሲሰፋ ዓይኑ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰርጋል። የተለመደው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ እብጠቱ በርዶ ትክክለኛው ሁኔታ እንዲታይ የሚበቃ፣ ጠባሳ ሕብረ ሕዋሱን ከማጣበቁ በፊትም የሚያደርስ። በዚህ መስክ ልምድ ያለው ሐኪም ብዙ ታካሚዎቹን ያለ ቢላዋ፣ በክትትል ብቻ ያድናል፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነው።

ለዚህ ሁሉ ፍርድ መሠረቱ ሲቲ ስካን ነው። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በሠራው መሣሪያ የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን ውስጥ በ1971 ተነሣ፤ ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የሚያየው አጥንት በአጥንት ላይ የተደራረበበትን ተራ ራጅ ነበር፤ ስሱ ወለል ራሱ በግልጽ ስለማይታይ ወደ ሳይነሱ የተንጠለጠለችውን ጥላ አይቶ ይገምት ነበር። አሁን በአንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያም ባነሰ ርቀት የተቆራረጠ ምስል ከፊትም ከጎንም እየተገለበጠ ይነበባል።

የቀዶ ሕክምናው ሥራ

የፊት አጥንት ቀዶ ሕክምና በጦርነት ተወልዶ ያደገ ሙያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የተቀደደ ወታደሮች በሺዎች ወደ እንግሊዝ ሲጎርፉ የኒውዚላንዱ ተወላጅ ሃሮልድ ጊሊስ ሥራውን ጀመረ፤ በ1917 ሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታልም ቀዶ ሐኪሞችንና የጥርስ ሐኪሞችን አብሮ አሠራ። የጊሊስ ሌላው ውርስ በ1927 ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ከጆሮ ግንድ በላይ፣ በፀጉር በሚሸፈን ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በጡንቻው ሽፋን ሥር በሚገባ መሣሪያ የወደቀ የጉንጭ አጥንት ይነሣል። ዛሬም ይሠራበታል። ችግሩ የተነሣው አጥንት ሁልጊዜ በቦታው አለመጽናቱ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ስብራቱ በሽቦ ይታሰር ነበር፤ ሽቦ ይጎትታል እንጂ አጥንት እንዳይዞር አይከለክልም፤ መንጋጋዎችም ለሳምንታት ተቆላልፈው ይቆዩ ነበር። በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ፣ በተለይ በስትራስቡርግ ማክሲም ሻምፒ ያስፋፋው ትንንሽ ጠፍጣፋ ብረትና ብሎን ይህን ለወጠ። አጥንቱ በሦስት አቅጣጫ ጸንቶ ስለሚያዝ ታካሚው ቶሎ አፉን ይከፍታል፤ ይበላል። ፓሪስ ውስጥ ፖል ቴሲዬ ደግሞ ለተፈጥሮ የፊት ጉድለት የቀየሳቸው ዘዴዎች፣ የዓይን ጉድጓድን ዙሪያውን ገልጦ ማየትና ከራስ ቅል ወይም ከዳሌ በተወሰደ አጥንት መሙላት፣ ወደ አደጋ ሕክምናም ተሻገሩ።

ፊቱ በሙሉ የተሰባበረ ሰው ሲታከም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጥርሶች ተገጥመው መንጋጋ ይጸናል፤ የጉንጭ አጥንትና ወደ ጆሮ የሚሄደው ቅስት የፊትን ስፋትና ወደ ፊት መውጣት ይመልሳሉ፤ ቀጥሎ የዓይን ጉድጓዱ አፍ ይስተካከላል፤ የጉድጓዱ ውስጥ የሚደረስበት በመጨረሻ ነው። የጉንጭ አጥንት ጥቂት ሚሊ ሜትር ዞሮ ከቀረ ወለሉ የቱንም ያህል ቢስተካከል ጉድጓዱ ሰፍቶ ይቀራልና። በአፍንጫ ሥር ያለው ስብራት ደግሞ የቆቦቹን ውስጠኛ ጅማት ይዞ ስለሚሄድ ጅማቱ ወደ ቦታው ካልተመለሰ የሁለቱ ዓይኖች ርቀት ይሰፋል፤ ይህን ኋላ ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

ወደ ወለሉ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ቆብ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው፤ በውጭ ጠባሳ አይተውም። በቆቡ ቆዳ ላይ በሽፋሽፍቱ ሥር ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መቅደድም ይቻላል፤ ግን ቆቡ ኋላ ወደ ውጭ ሊገለበጥ ይችላል። ሐኪሙ ሥራውን ሲጀምር የዓይኑን ሽፋን በመቆንጠጫ ይዞ ኳሱን ወደየአቅጣጫው ያዞረዋል፤ ካልዞረ አንድ ነገር ተይዟል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሳይነሱ የወረደውን ስብና ጡንቻ በጥንቃቄ ያነሣል፣ የስብራቱን ጠርዝ ዙሪያውን እስኪያገኝ ይሄዳል። በጣም አስቸጋሪው የኋለኛው ጠርዝ ነው። ከዓይን ኳስ ጀርባ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ከእይታ ነርቭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ሳይሰበር የሚቀር ትንሽ አጥንት አለ፤ የሚተከለው ነገር በእርሱ ላይ ካላረፈ ወደ ሳይነሱ ያዘነብላል። ወለሉ ጠፍጣፋ አለመሆኑም ችላ ይባላል። ከዓይን ኳስ ጀርባ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ቀጥ ያለ ብረት ከተቀመጠ ሲቲ ስካኑ ያማረ ይመስላል፣ ዓይኑ ግን እንደ ሰረገ ይቀራል። መተኪያው ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑን ማዞር ይደገማል።

ለመተኪያ የሚያገለግለው ብዙ ነው። የታካሚው የራሱ አጥንት ሰውነት አይቃወመውም፤ ነገር ግን ሌላ ቁስል ይፈልጋል፣ ከፊሉም ባልተጠበቀ ልክ ይሟሟል። የቲታኒየም መረብ ሰፊ ጉድለትን ይሸፍናል፤ ቅርጹንም ይጠብቃል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፖሊኤትሊን ሥጋ ይበቅልበታል። በሰውነት ውስጥ የሚሟሙ ሉሆች ለትንሽ ጉድለት ይመረጣሉ። ቀድሞ በስፋት ይገባ የነበረው ሲሊኮን ከዓመታት በኋላ እንኳ እየተንቀሳቀሰና እያመረቀዘ ስላስቸገረ ብዙዎች ትተውታል።

የቅርቡ ዘመን ትልቅ እርምጃ ከኮምፒውተር ጋር የመጣው ነው። የጤነኛው ጎን ምስል ተገልብጦ በተሰበረው ላይ ይቀመጥና የጎደለው ይለካል፤ በዚያ ልክ ሞዴል በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ ይታተምና ብረቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቀረጽበታል፤ ወይም ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ቲታኒየም ይሠራል። በቀዶ ክፍሉ ውስጥ የመሣሪያውን ጫፍ በምስሉ ላይ የሚያሳይ አቅጣጫ መሪም አለ፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ታካሚው ከሰመመን ሳይነቃ ሲቲ ስካን ይነሣና የተጣመመ ካለ እዚያው ይስተካከላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነርሶች ታካሚውን እየቀሰቀሱ እይታውን ይፈትሻሉ፤ ምክንያቱም አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው አስፈሪው ችግር፣ ከዓይን ጀርባ ደም መጠራቀም፣ የሚመጣው ያኔ ነው። የጉንጭ መደንዘዝ ወራት ሊቆይ ይችላል። እጥፍ እይታም ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ ዓይንን ወደየአቅጣጫው የማንቀሳቀስ ልምምድ ይታዘዛል፤ የቀረው በፕሪዝም መነጽር፣ አለዚያም ጊዜ ተሰጥቶት በጡንቻ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

በኢትዮጵያ የፊት አጥንት ስብራት በብዛት የሚመጣው ከጠብ፣ ከመኪና አደጋና ከመውደቅ ነው። በአዲስ አበባ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሞች ይሰለጥናሉ፤ የየካቲት 12 ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና ይታወቃል። ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ታካሚ ግን ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ እስኪደርስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ የሚተከለው ብረት ውድ ነው። የዘገየ ስብራት ይታከማል፣ ሥራው ግን ሌላ ዓይነት ይሆናል። ጠሞ የገጠመው የጉንጭ አጥንት እንደገና ተሰብሮ ይነሣል፤ ከጠባሳ ጋር የተጣበቀው ስብና ጡንቻ ተላቅቆ ይወጣል፤ ጉድጓዱም በአጥንት ወይም በብረት ይሞላል። ስቡ በከፊል ስለሚመነምን ሐኪሙ አንዳንዴ ከስብራቱ ልክ በላይ ለመሙላት ይገደዳል፤ እንዲያም ሆኖ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ የሚመለሱ ታካሚዎች አሉ።